ሽማግሌ የተላከበት ልብ ወለድ

ስለ መጽሐፌ የመጀመሪያውን አስተያየት የሰጠኝ የጨጓራ መድኃኒት ሊገዛ የመጣ ሰው ነው። መድኃኒቱን ተቀብሎ ኪሱ ከከተተ በኋላ አልሄደም። መስኮቱ ላይ በክርኑ ተደግፎ፣ ከኋላው የተሰለፈውን ሰው ከነመፈጠሩ ረስቶ፣ «መጽሐፍሽን ጨረስኩት» አለኝ።

ደራሲ ከተባልኩ ገና ሳምንት አልሞላኝም።

«እንዴት አገኘኸው?»

«ጥሩ ነው።» ትንሽ አሰበ። «ግን እነዚህ ልጆች ሥራ የላቸውም?»

ሥራ አላቸው። እሷ ነርስ ናት፣ እሱ የመሬት ቀያሽ ነው። ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። ይህንኑ ልነግረው አፌን ስከፍት፣ ከኋላው የቆመች ትኩሳት ያለው ሕፃን ያዘለች ሴት፣ «እሱስ እውነቱን ነው፤ ሻይ ሲጠጡ ነው የሚውሉት» አለች። ለካ እሷም አንብባዋለች። በአንድ ሰልፍ ሁለት አንባቢ ማግኘት ለደራሲ ትልቅ ነገር ነው፤ ሁለቱም በአንድ አፍ ባለታሪኮቼን ሥራ ፈት ባይሉብኝ ኖሮ።

እኔ ፋርማሲስት ነኝ። ሶዶ ውስጥ፣ ወደ ኦቶና ሆስፒታል በሚያወጣው መንገድ ላይ፣ አንዲት ጠባብ ፋርማሲ ውስጥ እሠራለሁ። አያቴ ከጉራጌ አገር ጨርቅ ተሸክሞ ወደዚህ የመጣ ነጋዴ ነበር። አባቴ ጨርቅ ሸጦ አሳደገን። እኔ ደግሞ ክኒን እሸጣለሁ፤ ከሁሉም ያነሰ ሸክም የደረሰኝ እኔ ነኝ። ልብ ወለዱን የጻፍኩት ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ከዳሞታ ተራራ ላይ እየተንደረደረ ወርዶ ከተማውን ሁሉ ከየበረንዳው ሥር ሲያስጠልለው ነው። በዝናብ ማንም ሰው መድኃኒት አይገዛም። ሕመሙ ራሱ ዝናቡን ያስቀድማል።

መጽሐፉ ከባድ ነገር የለበትም። ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ጓደኛ የሆኑ ወንድና ሴት አሉ። እንደሚዋደዱ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ የማያውቁት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ሁለት መቶ ገጽ ሙሉ ሲሳሳቱ ከርመው፣ በስተመጨረሻ የሌላ ሰው ሠርግ አልቆ ድንኳኑ ሊፈርስ ሲል ይገባቸዋል። በቃ። ማንም አይሞትም። አንድ በግ ይሞታል፣ እሱም ለሠርጉ ነው።

የወጣው የጊፋታ ሰሞን ነበር። ዘመን ሲለወጥ ሰው ሁሉ ሥጋ በልቶ ጋደም ብሎ የሚያነበው ነገር ይፈልጋል፤ ስለዚህ ከጠበቅኩት በላይ ተነበበ። ከተነበበ በኋላ ደግሞ ሰው ሁሉ ወደ ፋርማሲው መጣ። ሌላ ደራሲ አንባቢውን የሚያገኘው ካሻው ብቻ ነው። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ በመስኮት ተሰጥቼ እገኛለሁ። ሳል ያለበት አስተያየት አለው። የስኳር መድኃኒት የሚወስደው አስተያየት አለው። ከሰሜን ተመድቦ የመጣ አንድ ወጣት ሐኪም «ቀለል ያለች ናት፣ በሁለት ተረኛ አዳር ጨረስኳት» አለኝ። ስለ ሾርባም የሚናገረው እንዲሁ ነው። አንድ የባጃጅ ሾፌር የወንዱን ጅልነት መታገሥ ስላቃተው መሀል ላይ ማቆሙን ነገረኝ። «እጁን ይዛ ስታለቅስ 'ጉንፋን ያዘሽ?' ይላታል እንዴ? እኔ ብሆን ባጃጄን እዚያው አቁሜ ነበር።»

እናቴ ዓይኗ ስለደከመ ያነበበችላት የጎረቤት ልጅ ናት። ከሁሉም የከፋውን አስተያየት የሰጠችው ግን እናቴ ራሷ ናት። አንድ ማታ ራት እየበላን፣ ምንም ሳልጠይቃት፣ «ይቺ ልጅ እናት የላትም?» አለች።

«የትኛዋ ልጅ?»

«መጽሐፍሽ ውስጥ ያለችው። ሠላሳ ዓመቷ ነው፣ አላገባችም፣ እናቷም ዝም ብላለች። እንዲህ ያለች እናት የምትገኘው የት አገር ነው?»

እኔም ያኔ ሠላሳ ሁለት ነበርኩ፤ አላገባሁም። ስለዚህ ክርክሩ ስለ ሥነ ጽሑፍ እንዳልሆነ ገብቶኝ መብላቴን ቀጠልኩ።

ሁሉም በየራሱ ሲተች ከረመና በአንድ ነገር ላይ ግን ሳይመካከር ተስማማ። የመጽሐፉ ወንድ የኔ ጓደኛ ነው አለ።

ይህ ጓደኛዬ ወደ ገበያው መውረጃ ላይ የባጃጅ መለዋወጫ ሱቅ አለው። ወላይታ ነው፤ የአባቱና የአባቴ ቤት አጥር ለአጥር ነበር። አንደኛ ክፍል አብረን ገባን፣ አብረን ተገረፍን፣ አብረን ደብረ ዘይት ሄደን ባሕር አየን ብለን ሐይቅ አይተን መጣን። እስከ ዛሬ ማታ ማታ ሱቁን ሲዘጋ በፋርማሲው በኩል አልፎ፣ አንዳንድ ሻይ ጠጥተን ወደየቤታችን እንሄዳለን። በዚህ ላይ ስለ እኛ ያላወራ ሰው በሶዶ የለም። እኛ ራሳችን እንኳ አንዴ ወሬውን ልናምነው ሞክረናል። ከኮሌጅ እንደተመለስን፣ ይህን ያህል ሰው ሊሳሳት አይችልም ብለን ተነጋግረን፣ ጭማቂ ቤት ገብተን ፊት ለፊት ተቀመጥን። ዓይን ለዓይን መተያየት እንዳለብን ሰምተን ነበር። አየሁት። አየኝ። ረጅም ጊዜ አየኝ።

«ግራ ዓይንሽ ቀልቷል» አለኝ።

ወጥተን ቴትራሳይክሊን ቅባት ገዛን። ወሬው ቀጠለ፣ እኛ አቆምን።

ታዲያ ሰዎቹ ማስረጃ አለን የሚሉት ጆሮውን ነው። ጓደኛዬ ሲያስብ እጁ ላይ ባገኘው ነገር ጆሮውን ይጎረጉራል፤ በቁልፍም ይሁን በመፍቻ። ታምቡርህን ትበሳዋለህ ብዬ ስለፈለፍ ነው የኖርኩት። የመጽሐፌ ቀያሽም ሲያስብ ጆሮውን በእርሳስ ይጎረጉራል። የወሰድኩት ይህችን ብቻ ነው። ቁመቱን አልወሰድኩም፣ ጠባዩን አልወሰድኩም፣ ቀልዱን አልወሰድኩም፤ ቀልድም የለውም። ግን ለሶዶ ጆሮ በቂ ሆነ። ደንበኞቹ «ቀያሹ!» እያሉ ይጠሩት ጀመር። ካንዴላ ሊገዛ የመጣ ሁሉ «ታዲያ መቼ ነው የሚገባህ?» ይለዋል።

እሱ መጀመሪያ ደስ አለው። ጸጉሩን ሁሉ መቆረጥ ጀመረ። ችግሩ እጮኛ ነበረችው።

እጮኛው የቦዲቲ ልጅ ናት፤ ባዮሎጂ ታስተምራለች። ሽማግሌ ሄዶ፣ እሺ ተብሎ፣ ሠርጉ ለጥር ተቆርጧል። እኔ ያየኋት ሁለቴ ብቻ፣ ያውም በቆምንበት ነው። ትሑት፣ ቁጥብ፣ ቃል ስትመርጥ ጊዜ የምትወስድ ሴት መስላ ታየችኝ። ከቦዲቲ ሶዶ መንገዱ ምን አለው? ወሬ ደግሞ ትራንስፖርት አትጠብቅም። መጽሐፉ ከወሬው ቀድሞ ይድረስ ወሬው ከመጽሐፉ፣ እስከ ዛሬ አላጣራሁም።

ጥቅምት ውስጥ አንድ ሐሙስ ጓደኛዬ ደወለልኝ።

«ስሚ፣ እሑድ ቤትሽ ሽማግሌ ይመጣል።»

«ምን ይመጣል?»

«ሽማግሌ። ከቦዲቲ። ሦስት ናቸው።»

«ለማን ነው የሚጠይቁኝ?»

«ለማንም አይደለም! ስለ መጽሐፉ ነው። የእሷ ቤተሰብ ነው የላካቸው። አደራሽን እንዳትቀልጂባቸው።»

ለእናቴ አስቀድሜ መንገር ነበረብኝ፤ ነገርኳትም። «እማ፣ እሑድ ከቦዲቲ ሽማግሌዎች ይመጣሉ» አልኩና ቀጣዩን ዓረፍተ ነገር ላወጣ ትንፋሽ ስወስድ፣ እናቴ ክፍሉ ውስጥ አልነበረችም። ጓሮ ወጥታ ጎረቤት እየተጣራች ነበር። ተከትያት ሄጄ ላስረዳት ሞከርኩ። «ስለ መጽሐፍ ነው» ስላት «እሺ እሺ፣ ማንበቡም ጥሩ ነው፣ የተማረ ነው ማለት ነው» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ጆሮዋን የሚከፍት መፍቻ አልተገኘም።

እሑድ ቤታችን ሌላ ቤት ሆነ። መጋረጃው ተለወጠ። የጎረቤት ሶፋ ሁለት ጎረምሶች ተሸክመውት ገባ። እናቴ ክትፎዋን እንደ ጉራጌ ወግ በቅቤ አርሳ፣ ቆጮውን በስሱ ጠፍጥፋ አዘጋጀች። እንግዶቹ ጴንጤ ናቸው ስላልኳት ጠጁን አስወጥታ በሣጥን ለስላሳ አስገባች። እኔን ደግሞ ለዘመድ ሠርግ የተሰፋልኝን ቀሚስ አስለበሰችኝ።

«ቦዲቲም ቢሆን ምንም አይልም» አለችኝ ዚፑን እየሳበች። «ቅርብ ነው። መንገዱም አስፋልት ነው።»

ሦስቱ ሽማግሌዎች ከቤተ ክርስቲያን መልስ ደረሱ። የመጀመሪያው ዕድሜያቸውን በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት የፈጁ፣ አሁን ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሁለተኛው የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ። ሦስተኛው፣ ወፍራሙ፣ የጓደኛዬ እጮኛ አጎት፣ የእናቷ ወንድም ናቸው። ጸሎት ተደረገ። ጤና ተጠያየቅን፤ የእኛ፣ የከብቱ፣ የዝናቡ። እናቴ ከፊት ለፊታቸው ተቀምጣ፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ ትጠብቃለች። ይህን ቀን ስትለማመደው እንደኖረች ያስታውቃል።

የመዝገብ ቤቱ ሰው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ የመጣነው በዚህ ጉዳይ ነው» አሉና ከጥቁር ፌስታል ውስጥ መጽሐፌን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ፣ ከለስላሳው ጎን አስቀመጡት። እንደ ተማሪ ደብተር በጋዜጣ ሸፍነውታል።

እናቴ መጽሐፉን አየች። እኔን አየች። በሩን አየች፤ ሌላ ሰው ይገባ እንደሆነ። ከዚያ ቀስ ብላ ወደ ሶፋው መደገፊያ ተመለሰች። ያን ቀን ካየሁት ሁሉ ልቤን የነካው የእናቴ አንገት ቀና ማለት ነው።

«ይህንን መጽሐፍ የጻፍከው አንተ ነህ?» አሉኝ የመዝገብ ቤቱ ሰው። አማርኛን የተማሩት ቢሮ ውስጥ ስለሆነ ሴቱም ወንዱም ለእሳቸው «አንተ» ነው። ሶዶ ያደገ ሰው በዚህ አይደነቅም፤ እኔም በፋርማሲው መስኮት በቀን ስንቴ ወንድ ሆኜ እውላለሁ።

«እኔ ነኝ፣ አባባ።»

«እዚህ ውስጥ ጆሮውን የሚጎረጉር ሰው አለ።»

«አለ።»

«የእኛ ልጅ እጮኛም ጆሮውን ይጎረጉራል።»

«ብዙ ሰው ይጎረጉራል፣ አባባ። እኔ መድኃኒት ቤት ስለምሠራ አውቃለሁ።»

ይህ መልስ ከቀልድ ይቆጠር አይቆጠር አላውቅም። እሳቸው ግን እንደ ምስክር ቃል ተቀብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ተራቸውን ወሰዱ። የመጨረሻውን ገጽ ብቻ እንዳነበቡ፣ ግን እሱ እንደበቃቸው ገለጹ።

«ሁለቱ ብቻቸውን ድንኳን ውስጥ ምን ያደርጋሉ?»

«ወንበር እየሰበሰቡ ነው።»

«በጨለማ?»

«መብራት ጠፍቶ ነው።»

«መብራት መጥፋቱን ማን አየ?»

«መብራት መጥፋቱ እንኳ እውነት ሊሆን ይችላል» አሉ የመዝገብ ቤቱ ሰው፣ አገር የሚያውቀውን ነገር ከክርክሩ ለማውጣት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና ድምፃቸው ተለወጠ። የተላኩበትን ትተው የራሳቸውን ሊናገሩ እንደሆነ ገባኝ። «እኔን ያስከፋኝ ሌላ ነው። ሁለት መቶ ገጽ አንብቤያለሁ። እነዚህ ልጆች ይገናኛሉ፣ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ። በመጨረሻም እንጋባ ይባባላሉ። በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ሽማግሌ የለም!»

«አንድ አለ፣ አባባ። አውቶብሱ ውስጥ...»

«ያ ተኝቷል!»

«እኔም ብያለሁ!» አለች እናቴ። ሁላችንም ዞር አልን። «እኔም ብያለሁ፣ እናት የላትም ብያለሁ። የሚጠይቃት የለም፣ የሚመክራት የለም። ቢጣሉ ማን ያስታርቃቸው ነበር? ስልክ ነው የሚያስታርቃቸው!»

«አየህ?» አሉኝ የመዝገብ ቤቱ ሰው።

ከዚያ በኋላ እኔ እንደሌለሁ ሆንኩ። እናቴና ሁለቱ ሽማግሌዎች መጽሐፌን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረው እንደ ዶሮ በየብልቱ ለያዩት። ልጅቷን ለማን መዳር ይሻል እንደነበር ተከራከሩ። እናቴ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ብቅ ብሎ ለሚጠፋው ጥርስ ሐኪም ወገነች፤ የመዝገብ ቤቱ ሰው ጥርስ ሐኪሙ ወላጆቹ ስላልተጠቀሱ አይታመንም አሉ። ወፍራሙ አጎት ይህ ሁሉ ሲሆን ክትፎውን እየጎረሱ ነበር። አንዴ ብቻ ቀና ብለው «በጣም ቆንጆ ነው» አሉ። መጽሐፉን ይሁን ክትፎውን የጠየቃቸው የለም።

በመጨረሻ የመዝገብ ቤቱ ሰው እጃቸውን ታጥበው ወደ ጉዳዩ ተመለሱ።

«እንግዲህ ልጄ፣ አንድ ነገር ንገረን። ይህ ታሪክ እውነት ነው?»

«አይደለም። ፈጠራ ነው።»

«ፈጠራ ማለት ውሸት ነው?»

ልብ ወለድ ምን እንደሆነ፣ በውስጡ ያለው እውነት ከተራ እውነት በምን እንደሚለይ፣ ስንትና ስንት ማታ ያሰብኩት ነገር ነበረኝ። ሦስቱንም አየኋቸው። ጓደኛዬ ከሱቁ ተቀምጦ ጆሮውን በፍርሃት ሲጎረጉር ታየኝ።

«አዎ፣ አባባ፣ ውሸት ነው።»

«ሁሉም?»

«ከሽፋኑ እስከ ሽፋኑ።»

«እግዚአብሔር ይባርክህ» አሉና ተነሡ። ፊታቸው ሁሉ በራ። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ መረቁኝ። አጎትየው በወላይትኛ «ጋላታይስ» ብለው አመስግነው እናቴን በሁለት እጃቸው ጨበጧት። በገዛ ቤቴ፣ በሠርግ ቀሚስ፣ መጽሐፌን በሦስት ሽማግሌ ፊት ካድኩትና ሸኘኋቸው። የመዝገብ ቤቱ ሰው መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ ይተዉታል ብዬ ነበር። በሩ ጋ ሲደርሱ ተመልሰው አንሥተው በፌስታላቸው ከተቱት።

እናቴ ያን ቀን ማታ፣ ሶፋው ወደ ባለቤቱ ሲመለስ ቆማ እያየች፣ «ሦስት ሽማግሌ ቤቴ ገብቶ ልጄን ሳይጠይቅ ወጣ» አለች። ከዚያ ትንሽ ቆይታ፣ «ጥርስ ሐኪሙ ግን ይሻላት ነበር» አለች።

ጉዳዩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። በነጋታው ግን፣ ከምሳ በኋላ፣ የጓደኛዬ እጮኛ ራሷ መጣች። ከመስኮቱ ፊት ሰው እስኪወጣ ጠብቃ ቀረበች።

«ፓራሲታሞል» አለች።

ሰጠኋት። አልሄደችም። መድኃኒቱን በእጇ እያገላበጠች፣ ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ የምታነብ መሰለች።

«ሽማግሌዎቹን እኔ አልላክኋቸውም» አለች። «አጎቴ ነው። አፍሬያለሁ፣ ይቅርታ።»

«ምንም አይደለም። ክትፎውን ወደውታል።»

አልሳቀችም። «መጽሐፉን እኔም አንብቤዋለሁ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ?»

በጎን በር አስገብቼ፣ ከመደርደሪያው ጀርባ ካሉት ሁለት በርጩማዎች በአንዱ አስቀመጥኳት። ልትጠይቀኝ የፈለገችው እንደማይቀር ያወቅኩት ጥያቄ ነው ብዬ መልሴን አዘጋጅቼ ነበር። እንዋደዳለን፣ ግን እንደ እህትና ወንድም ነው፤ ዓይኔ ቀልቷል ብሎኝ ያውቃል፤ ሁሉም ተዘጋጅቷል።

«ቀያሹ በጣም ያስቃል» አለች። «አውቶብሱ ላይ ስለ ዶሮዋ የሚናገረው። ስለ አክስቱ ጫማ የሚለው። ብቻዬን ክፍሌ ውስጥ ጮክ ብዬ ሳቅኩ፤ የአከራዬ ልጅ ምን ሆነሻል ብላ መጣች። እኔ ግን ይህንን ሰው አንድ ዓመት ከመንፈቅ አውቀዋለሁ፤ አንድም ቀን አላሳቀኝም። ስለ ፒስተን ያወራኛል። ከቻይና ስለሚመጣውና ከህንድ ስለሚመጣው ልዩነት ያወራኛል። መጽሐፍሽን ሳነብ፣ ለካ ቀልዱን ሁሉ እዚህ ነው የሚጨርሰው፣ ለእኔ የሚተርፈኝ ፒስተኑ ነው አልኩ።»

በሕይወቴ ከሰማሁት የሥነ ጽሑፍ ትችት ሁሉ እንዲህ ያስደነገጠኝ የለም። ቀናች ብዬ ስጠብቅ፣ እሷ ያዘነችው ቀልዱ ለእሷ ስላልተረፋት ነው።

«ስሚኝ» አልኳት። «ቀልዱ የኔ ነው።»

«የትኛው?»

«ሁሉም። ዶሮዋም፣ የአክስቱ ጫማም። እሱ በሕይወቱ አንድ ቀልድ አልተናገረም። አንድ ጊዜ ጀምሮ መጨረሻው ጠፍቶት እኔ ነኝ የጨረስኩለት። ከእሱ የወሰድኩት ጆሮውን ብቻ ነው።»

አየችኝ። እፎይ ትበል ወይም ይክፋት ገና አልወሰነችም። «ታዲያ ከእሱ ጋር ይህን ያህል ዓመት ምን ስታደርጊ ኖርሽ?»

ይህን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ከተማው የሚጠይቀው ሌላ ነገር ነበር።

«ይስቃል» አልኳት፣ ራሴም እየሰማሁት። «እሱ የሚያስቅ ሰው አይደለም፣ የሚስቅ ሰው ነው። ቀልዱ ሳያልቅ ይስቃል፤ ሲስቅ ጠረጴዛ ይገለብጣል። እኔ ቀልድ የጀመርኩት እኮ እሱ ስለሚስቅልኝ ነው። አንቺ ፊት ግን ይፈራል። መምህር ነሽ። ከአንቺ ጋር ለመገናኘት ሲነሣ ፀጉሩን ሁለቴ ያበጥራል፣ የሚያወራውን መንገድ ላይ ያጠናል። ከሚያውቀው ነገር ሁሉ አያሳፍረኝም ያለው ፒስተኑን ነው።»

«ያጠናል?»

«ባጃጅ ውስጥ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አይቼዋለሁ።»

አፏን በእጇ ሸፈነች። በዚያች ቅጽበት፣ ማን እንደነገረው እንጃ፣ ጓደኛዬ እጁ ግሪስ እንደሆነ እየሮጠ ደረሰ። እኛን በርጩማ ለበርጩማ ተቀምጠን ሲያይ በሩ ላይ ደርቆ ቀረ። ዓይኑ ከእሷ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ እሷ ይሄዳል። ቁልፉ በጆሮው ገባ።

«ስለ መጽሐፉ እየተጫወትን ነበር» አለችው። ከዚያ፣ በጣም በእርጋታ፣ ተማሪ እንደምትጠይቅ፣ «አንተ የትኛውን ቦታ ነው የወደድከው?» አለችው።

«የቱን?»

«ከመጽሐፉ።»

ዝም አለ። ያ ዝምታ የምን እንደሆነ ከእሷ ቀድሞ ለእኔ ገባኝ፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አውቀዋለሁ። የቤት ሥራ ያልሠራ ሰው ዝምታ ነው።

«አላነበብከውም!» አልኩ።

«ጀምሬዋለሁ።»

«የት ደረስክ?»

«መግቢያው... ምስጋናው ላይ ስሜ መኖሩን አይቻለሁ። ደስ ብሎኛል።»

«ከተማው ሁሉ ቀያሹ እያለህ፣ ሽማግሌ ቤቴ መጥቶ፣ እናቴ ሶፋ ተውሳ፣ አንተ አላነበብከውም?»

«ምን ያስነብበኛል? ሰው ሁሉ ነገረኝ እኮ! ዶሮዋን ሰምቻለሁ፣ ድንኳኑን ሰምቻለሁ...»

እጮኛዋ ያኔ ሳቀች። ቁጥብ ሴት ናት ብዬ ነበር፤ ሳቋ ግን ቁጥብ አልነበረም። በርጩማው ላይ ወደ ኋላ ሄዳ የሕፃናት ወተት ቆርቆሮ የተደረደረበትን መደርደሪያ ተደገፈችና ሁለት ቆርቆሮ ወደቀ። እሱ ሮጦ ሊያነሣ ሲል በግሪሱ እጅ ነጩን ግድግዳ ያዘ። «እንኳን ባዮሎጂ አላስተማርኩህ» አለችው እንባዋን እየጠረገች፣ «ጥያቄውን ሳታነብ መልሱን ከጓደኛህ ትቀዳ ነበር።» እሱም ቀና ብሎ አያት፣ እንደዚያ ስትቀልድ ሰምቷት አያውቅም መሰለኝ፣ ከዚያ ቆርቆሮውን እንደያዘ መሳቅ ጀመረ። ቀስ አድርጎ አይስቅም። በዚህ መሀል የተሰለፈው ሰው ሁሉ በመስኮቱ አንገቱን አስገብቶ አየን።

እኔ ግን ተናድጄ ነበር። ሠርጉ እስኪደርስ ድረስ ተናድጄ ቆየሁ። ሻይ እየጠጣን «ምዕራፍ ስንት ደረስክ?» እለዋለሁ፤ እሱ ስለ ጥሪ ካርድ ያወራል። የሚገርመው ከእኔ ጋር አብራ የተናደደችልኝ እሷ ናት። በየቀኑ ደውላ «ዛሬ አራት ገጽ አስነበብኩት፣ እንቅልፍ ወሰደው» ትለኛለች። አንድ ቀን፣ «ቀያሹን አልወደደውም፣ ብዙ ያወራል ይላል» አለችኝ። ስልኩን ዘጋሁባት። መልሳ ደወለች።

ሠርጉ ቦዲቲ ሆነ። ድንኳኑ ትልቅ ነበር፣ መብራትም አልጠፋም። የተቀመጥኩት ከሙሽራዋ ወገን ነው። እሱ በእሱ በኩል ሚዜ እንድሆን ፈልጎ ነበር፤ እሷ ግን «የኔ እንግዳ ናት» ብላ ቀድማ ወሰደችኝ። የመዝገብ ቤቱ ሰው ከሩቅ አይተውኝ በአክብሮት ባርኔጣቸውን አነሡልኝ። ሙሽሮቹ ወደ መኪናው ሲወጡ እኔ ቁርጥ በሚያቃጥለው ዳጣ እየበላሁ ነበር፤ ዓይኔ እንባ ሞላ። አጠገቤ የነበሩት ሁለት ሴቶች ተያዩ። አንዷ ክርኗን ለሌላዋ ሰደደች፣ አየሽ ለማለት።

«ዳጣው ነው» አልኳቸው።

ዳጣው ብቻ አልነበረም። እነሱ ያሰቡትም ግን አልነበረም። መኪናው እየጮኸ ሲርቅ ድንገት የታየኝ፣ ማታ ማታ ሱቁ ሲዘጋ በፋርማሲው በኩል የሚያልፍ ሰው ከነገ ጀምሮ እንደሌለ ነው። በመጽሐፌ ውስጥ ይህን የሚያህል ነገር የለም። ይህን ቀድሜ ባውቀው ኖሮ መጽሐፉ ትንሽ ይከብድ ነበር፤ የሚያነበውም ይቀንስ ነበር።

አሁን ሶዶ ነው የሚኖሩት። እሱ ሱቁን ዘግቶ በቀጥታ ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ በሳምንት አንዴ ሁለቴ ቢያልፍ ነው። ያኔም ችኩል ነው፣ ሻዩን ሳይቀዘቅዝ ይጨልጠዋል። ተቀይሜው ነበር፣ አሁን ትቼዋለሁ። እሷ ወደ ከተማው ትምህርት ቤት ተዛውራለች። ከክፍል ስትወጣ በጎን በር ትገባና በርጩማው ላይ ጫማዋን አውልቃ፣ የተማሪዎቿን የፈተና መልስ ታነብልኛለች። ልብ ስንት ክፍል አለው ለሚለው ጥያቄ አንዱ ልጅ «እንደ ቤቱ ስፋት ይለያያል» ብሎ መልሷል። ግማሽ ነጥብ ሰጥታዋለች። ሙሉ ይገባዋል ብዬ እስከ አሁን እየተከራከርኳት ነው።